ከቆዳው በፊት መደቡ

ስለ ምትክ ቆዳ ሲወራ ሁሉም ጆሮውን የሚሰጠው ለቆዳው ነው። ከከብት ጅማት በተወሰደ ኮላጅንና ከሻርክ ልም አጥንት በወጣ ንጥረ ነገር የሚሠራው ኢንቴግራ አሜሪካ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ፤ ከተገረዙ ሕፃናት ሸለፈት የተባዙ ሕያው ሴሎችን የያዘው አፕሊግራፍ ደግሞ በ1998። ያስደንቃል። ሁለቱም ግን ያልተሰናዳ ቁስል ላይ ካረፉ ተላቀው መውደቃቸው አይቀርም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንዲህ ያለው ዕቃ በቅርብ ባይገኝ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ እጅ ማጠፍ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው፤ ትልቁ ሥራ ያለው ከቆዳው በፊት ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ከጤና ጣቢያ አቅም አያልፍም።

የአገሩ ገበሬ ጤፍ የሚዘራው ማሳውን ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ ነው። ቆዳም እንደዚያው ነው ማለት ይቀላል፤ ምሳሌው ግን ያጥራል። ዘር ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ስንቅ በሆዱ ይዞ ይወርዳል። ከታማሚው ጭን ተልጦ የሚለጠፍ ስስ ቆዳ ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። አንድ ሁለት ቀን ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል፤ ቀጥሎ የራሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ከመደቡ፣ ማለትም ከቁስሉ ወለል፣ የደም ሥሮች ጋር ይገጥማሉ፤ በአምስተኛው ቀን ገደማ ደም ይዘዋወርበታል። በመሃል የሞተ ሥጋ፣ መግል ወይም የረጋ ደም ከገባ መስመሩ ተቆረጠ። በ1960ዎቹ የወጡ ጥናቶች በአንድ ግራም ሥጋ ውስጥ ከ100,000 በላይ ባክቴሪያ ካለ ቆዳው አብዛኛውን ጊዜ እንደማይዝ አሳይተዋል። ስለዚህ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ይወጣል። ቁስሉ ሰፋ ተብሎ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ የሰፋው ግን ቁስሉ አይደለም፣ ክዳኑ ነው የተነሣው።

ከሁሉ የሚያናድደው «ቁስሉ ይድረቅ» የሚለው ምክር ነው። ከየት እንደመጣ ይገባል፦ እዥ የሚያፈስ ቁስል ያስፈራል፣ ቅርፊት የያዘ ደግሞ የጠገገ ይመስላል። ለዚህ ሲባል የአምፒሲሊን ካፕሱል ተፈልቅቆ ዱቄቱ ይነሰነሳል፣ ደረቅ ጎዝ ይለጠፋል። በማግስቱ ጎዙ ሲሳብ ታማሚው ይጮሃል፣ ደም ይወጣል። ልብ ብሎ ላየው፣ ጎዙ ላይ ተጣብቆ የወጣው ዳር ዳሩን ሲያድግ የሰነበተው ቀጭን አዲስ ቆዳ ነው። ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ባሳተመው ጥናት የአሳማ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎች አበጅቶ ከፊሉን ለአየር ተወ፣ ከፊሉን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነ፤ የተሸፈነው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ ቆዳ ለበሰ። አዲስ ቆዳ እርጥብ ላይ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው፤ ቅርፊት ሲገጥመው እርጥብ እስኪያገኝ ከሥሩ ሰርስሮ ማለፍ አለበት። የአሳማው ቁስል የዕለት ነው፣ የእኛ የዓመት ነው የሚል ቢመጣ እውነት አለው። የከረመ ቁስል እዥ አዲሱን ሥጋ የሚበሉ ኢንዛይሞች አሉት። ስለሆነም እርጥበቱ ይጠበቅ ማለት ይዋኝ ማለት አይደለም፤ የቁስሉ ዙሪያ ነጥቶ ከተሸበሸበ ጎዙ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ደረቅነት የሚመከርበትም ቦታ አለ፦ የደም ትርታ በማይገኝበት እግር ላይ ያለ ጥቁርና ደረቅ ተረከዝ፣ መግልና ሽታ እስከሌለው ድረስ፣ ደሙ ሳይመለስ አይነካም። ትርታውን በጣት መፈተሽ መቀስ ከማንሣት የሚቀድመው ለዚህ ነው።

እብጠት ሌላው ጠላት ነው። ያበጠ እግር ከውስጥ ፈሳሽ እየገፋ የተለጠፈውን ያነሣዋል። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ በሚገኝባቸው ደጋማ ቦታዎች ይህን ማለፍ አይቻልም። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ የእግሩን ድንገተኛ መቆጣት እንደሚቀንስ አሳይቷል። የስኳር ታማሚና የሥጋ ደዌ የነካው ሰው ደግሞ ቁስሉን ስለማይሰማው ይረግጠዋል፤ ጫናው ካልተነሣለት የትኛውም ቆዳ አይዝም።

ቆዳው ከሌለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ብዙ ቁስል መደቡ ሲስተካከል ራሱ ይዘጋል፤ ያልተዘጋውም የባለቤቱን ቆዳ ለመቀበል ይደርሳል። መለያው ልኬት ነው። የስኳር ታማሚ የእግር ቁስል በአራት ሳምንት ጥሩ እንክብካቤ በግማሽ ካልጠበበ በአሥራ ሁለት ሳምንት የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ንቅለ ተከላም ሆነ ምትክ ቆዳ የሚታሰበው ያኔ ነው። ቁስሉ ዓመታት የቆየና ዳሩ እያበጠ የሚያድግ ከሆነ ካንሰር እንዳይሆን ናሙና ይወሰድ። ከወገዳም ሆነ ከአርብ ገበያ ወደ ደብረ ታቦር ሪፈር ሲጻፍ ግን «የከረመ ቁስል» ተብሎ ይዘጋል። ርዝመቱና ስፋቱ ከአራት ሳምንት በፊት ስንት ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ዛሬስ ስንት ነው? ሐኪሙ ቆዳ ከመላጡ በፊት የሚፈልገው እነዚያን አራት ቁጥሮች ነው።