ጁሙዓ በብስክሌት፦ ከቀትር ፀሐይ ቆዳችንን እንጠብቅ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ብዙዎቻችን ወደ ክፍልም ወደ ጁሙዓም የምንሄደው በብስክሌት ነው። ለጁሙዓ የምንወጣበት የቀትር ፀሐይ ደግሞ ከቀኑ ሁሉ የበረታች ናት።

«እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» ስንል እንሰማለን። ሜላኒን የተባለው የቆዳችን ቀለም የሚከላከልልን በከፊል ብቻ ነው፤ ፀሐይ ማድያትን ታባብሳለች፣ ቆዳንም ያለ ዕድሜው ታስረጃለች። አልቢኒዝም ላለባቸው ወንድምና እህቶቻችን ደግሞ ነገሩ የቆዳ ካንሰር ጉዳይ ነው።

ብስክሌት ስንነዳ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ጉዳቱ አይታወቀንም። ቆዳን የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ ጨረር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም።

የሶላት ወቅትን በጥላ እንደምንለየው የጨረሩንም ብርታት በጥላ እናውቃለን፦ ጥላችን ከቁመታችን ካጠረ ጨረሩ ብርቱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ልብስ ይቅደም። ሽመናው ጠበቅ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ ልብስ ከማንኛውም ቅባት ይረክሳል፤ አይታጠብም፣ አይለቅምም። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ጨረርም ያሳልፋል። ሂጃብ ጆሮንና ማጅራትን ይሸፍናል፤ ወንድሞች ማጅራታችሁን በሻርፕ ሸፍኑ።

2. ለቀረው ሰንስክሪን። ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ከመውጣታችን 15 ደቂቃ በፊት ፊት፣ የእጅ ጀርባና ሰንደል ካደረግን እግር ላይ እንቀባ። ውጭ ከቆየን በየ2 ሰዓቱ እንድገመው።

3. ቅባቱን ከውዱእ በኋላ። ልብ ካልን፣ በውዱእ የምናጥባቸው ፊት፣ እጅና እግር በብስክሌት ላይ ፀሐይ የሚያገኛቸው ናቸው። ቀድመን ከተቀባን ውሃው ያነሣዋል። ስለዚህ ዶርም ውስጥ ውዱእ አድርገን፣ አድርቀን፣ ከዚያ እንቀባ። ለዐስር ውዱእ ስናድስ የቀረውን በሳሙና አጥበን፣ የምንወጣ ከሆነ እንደገና እንቀባ።

ሰንስክሪን ውድ መሆኑን እናውቃለን። የዶርም ጓደኛሞች አንድ ላይ አዋጥታችሁ ግዙ፤ አልቢኒዝም ያለበት ጓደኛ ካላችሁ ከሱ ጀምሩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።