የቤት እንስሳ በቤሪያ ፎቆች

በጆሃንስበርጓ ቤሪያ ብዙው ሰው የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው። የሰፈሩ ምልክት የሆነው ክቡ ሕንፃ ፖንቴ ራሱ 54 ፎቅ አለው። እዚህ ውሻ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ከፍቅሩ በፊት ፈቃዱን ያስባል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የጸናው የጋራ ሕንፃዎች ሕግ መደበኛ ደንብ ነዋሪው እንስሳ ለማስገባት የሕንፃውን ባለአደራዎች የጽሑፍ ስምምነት እንዲያገኝ ይጠይቃል። እነሱም ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክሉት አይችሉም። መሪ ውሻ ያለው ዓይነ ስውር ግን እንደተፈቀደለት ይቆጠራል፤ ተገቢም ነው፤ ውሻው መውጫና መግቢያው ነውና።

እንስሳ ለጤና ይበጃል የሚለው ሐሳብ ወደ ሳይንስ ጎራ በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሪካ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ 92 የልብ ሕሙማንን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች 3፣ ካልነበራቸው 39 ደግሞ 11 ሞቱ። ይህ እንስሳው አዳናቸው ማለት አይደለም፤ ቀድሞውኑ የተሻለ አቅም ያለው ሰው እንስሳ ያሳድግ ይሆናል። እኔ እንስሳ ይጠቅማል ብዬ የማምንበት ምክንያት ሌላ ነው። ውሻ ሊፍቱ ቢበላሽም ባይበላሽም መውረድ ይፈልጋል፤ አብሮት የወረደ ሰው ደግሞ ደረጃው ላይ ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ እዚህ የሚኖረው የእኛ አገር ሰው ቀኑን ሙሉ በከተማዋ ጄፒ ጎዳና አካባቢ ሱቅ ውስጥ መዋሉ ነው። አገር ቤት ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ እዚህ ግን ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ብቻውን ይውላል፤ ይህ በደል ነው።

ምናባዊው እንስሳ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓኑ ባንዳይ ያወጣው ታማጎቺ በኪስ የሚያዝ፣ ካልመገቡትና ካላጸዱለት የሚሞት የስክሪን ጫጩት ነበር። ከእሱ የላቀው ፓሮ የተባለው ለስላሳ የባሕር አቆስጣ ሮቦት ሲዳብሱት ድምፅ ያሰማል። በኒውዚላንድ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ በተደረገ ጥናት የነዋሪዎቹን ብቸኝነት ቀንሷል፤ ከቤቱ ውሻ ይልቅም እሱን አብዝተው አነጋግረውታል። በሕንፃው ደንብ ወይም በኪራይ ውሉ እንስሳ ለማይፈቀድለት ሽማግሌ ይህ መልካም ምትክ ነው። ስልክ ላይ ያለ ድመት ግን ሲዘጉት ይጠፋል፤ ማንንም ከቤት አያስወጣም።

ስለዚህ ፈቃድ ላለውና ማታ ብቻ ቤቱ ለሚገባ ሰው ከውሻ ድመትን እመርጥለታለሁ፤ ብቻዋን መዋል ከውሻ ይልቅ ይቀላታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን በደቡብ አፍሪካ ሕግ ለውሻም ለድመትም ግዴታ ነው።