አንድ ኩባያ ወተት ወይስ አንዲት ጊደር?

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በር ላይ ለተቀመጡት እናት ጥቂት ብር ሰጡ እንበል። እጅዎን የያዘው ልጅዎ ቀና ብሎ፣ «ነገስ ምን ይበላሉ?» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል?

ይኸው ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በላይ በፊት ዳን ዌስት የተባለ አሜሪካዊ ገበሬን አሳስቦት ነበር። ዌስት የኢንዲያና ሰው፣ የወንድሞች ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ወደዚያ ሄዶ ለተራቡ ሕፃናት የዱቄት ወተት ያድል ነበር። ወተቱ ግን ለሁሉም አልበቃም፤ ዛሬ የጠጣውም ልጅ ነገ ይርበዋል። ስለዚህ «ኩባያ ከመሙላት ለቤተሰቡ ላሟን ብንሰጥስ?» ብሎ አሰበ።

አገሩ ተመልሶ ሐሳቡን ለምእመናን አካፈለ። ገበሬዎችም ከበረታቸው ጊደር ለመስጠት ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያዎቹ 17 ጊደሮች ወደ ፖርቶ ሪኮ ተላኩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም፣ ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ጋር በመተባበር፣ ከብታቸው ላለቀባቸው የአውሮፓ ገበሬዎች ላሞችና ፈረሶች በመርከብ ተጫኑ። ወደ 7,000 የሚጠጉ ወንዶች ባሕር ላይ እያበሉና እያጠጡ አደረሷቸው። ያ ጅምር ዛሬ ሄይፈር ኢንተርናሽናል በመባል ይታወቃል።

የዚህ ስጦታ ትልቁ ቁም ነገር ግን ቃል ኪዳኑ ነው። ጊደሯን የተቀበለ ቤተሰብ የምትወልደውን የመጀመሪያ ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ ይሰጣል። በገጠራችን ላም በእርቢ የመስጠት ልማድ አለ፤ እዚያ ግን ባለቤቱ ከርቢው ድርሻውን ይወስዳል። እዚህ ድርሻው የሚሄደው ወደ ቀጣዩ ጎረቤት ነው። ትናንት የተቀበለ አባወራ ዛሬ ልጆቹ እያዩት ሰጪ ይሆናል። ክብሩን የሚመልስለት ይህ ነው።

ይህ ሲባል ግን ላም ብቻዋን ተአምር አትሠራም። መኖ፣ ውኃ፣ የእንስሳት ሐኪምና የአያያዝ ትምህርት ከሌለ ለድሃው ሌላ ሸክም ትሆናለች። ዛሬ የራበውም ጥጃ እስኪወለድ አይጠብቅም። ደጉ ሳምራዊን ያስታውሱ፦ መጀመሪያ ቁስሉን አሰረ፤ ቀጥሎ የእንግዳ ማረፊያውን ሒሳብ ከፍሎ፣ የጎደለውን ተመልሶ እንደሚከፍል ቃል ገባ። አስቸኳይ እርዳታና ልማት በአንድ ሰው እጅ የተገናኙት እዚያ ነው።

በአገራችንም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽኖች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። የእርስዎ ቤትስ? ከልጆችዎ ጋር ተቀምጠው በቅርብ የሚያውቁትን አንድ ቤተሰብ ይምረጡ። ምን እንደሚያስፈልገው ግን ራሱን ይጠይቁት፤ እርስዎ አሮጌ ልብስ ሲያዘጋጁ እሱ የሚፈልገው ምጣድ፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የሙያ ትምህርት ክፍያ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸውና ለአስቤዛውም ያስቡለት። ሲሰጡም፣ «ሲሳካልዎ ለሌላ ያስተላልፉ» ይበሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ልጅዎ «ነገስ?» ሲልዎት፣ መልሱን አብሮዎት የጀመረው እሱ ራሱ ይሆናል።