የፍሳሽ መስመር ጥገና የጋራ ኃላፊነት ነው

የአንድ ከተማ ዕድገት የሚመዘነው በአደባባይ በሚታየው ሕንፃ ብቻ አይደለም። ከአስፋልቱ ሥር በተዘረጋው ቱቦና ያንን ቱቦ በሚጠርገው ሠራተኛ ክብርም ጭምር ነው።

የለንደን ታሪክ ይህን በግልጽ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1853 እና በ1854 ኮሌራ በዚያች ከተማ ከ10,000 በላይ ሕዝብ ሲፈጅ የገዢው መደብ ፓርላማ መሠረታዊ እርምጃ አልወሰደም። በ1858 የቴምዝ ወንዝ ግማት በራሱ በፓርላማው መስኮት ሲገባ ግን ሕጉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጸደቀ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት የነደፋቸውን ታላላቅ መስመሮች ቆፍሮ የገነባው ላብ አደሩ ነበር።

ይሁን እንጂ መስመር መዘርጋት የሥራው ጅምር እንጂ ፍጻሜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያችው ከተማ፣ ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር ሥር፣ 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ያህል ክብደት ያለው የረጋ ቅባትና የቆሻሻ ክምር ተገኘ። ሠራተኞች እሱን ለማስወገድ ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። ከየማድ ቤቱ የተደፋው ጥቂት ዘይት ተጠራቅሞ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። የመጠን ለውጥ ወደ ዓይነት ለውጥ ይሸጋገራል ማለት ይህ ነው።

ሕጉ ለአዲስ አበባም ይሠራል። ከእንጦጦ ተዳፋት ቁልቁል ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወርደው ፍሳሽ በአብዛኛው የሚጓዘው በገዛ ክብደቱ ነው። ቱቦው ራሱን እያጠበ እንዲቆይ ፍሳሹ በሴኮንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል መጓዝ ይኖርበታል። ጨርቅና ፕላስቲክ ሲገባበት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አሸዋው ይዘቅጣል፤ መስመሩም ይዘጋል። በላይኛው ሰፈር የተጣለው ጨርቅ በታችኛው ሰፈር ደጃፍ ገንፍሎ ይወጣል። የጣሪያ ውኃ ከፍሳሽ መስመር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ቱቦው ከአቅሙ በላይ ይሞላል።

ይህን ሁሉ የሚያቃናው የጥገና ሠራተኛ ነው። መስመሩን በከፍተኛ የውኃ ግፊት ያጥባል፤ ዝቃጩን በመምጠጫ መኪና ያነሳል። ወደ ማንሆል ለመውረድ ሲገደድ ግን ሞት አፋፍ ላይ ይቆማል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ስለሆነም ሠራተኛን ያለ ጋዝ መለኪያ፣ ያለ አየር ማናፈሻ፣ ያለ ገመድና ከላይ ሆኖ ያለሚጠብቀው ባልደረባ ማውረድ ቁጠባ ሳይሆን ወንጀል ነው። በዚህ ረገድ ኃላፊዎችም ከሂስ አያመልጡም።

የነዋሪዎች ማኅበር አባላት ተግባር ግልጽ ነው። ቅባትን ከቆሻሻ ጋር መጣል፣ የጣሪያን ውኃ ከፍሳሽ መስመር መለየት፣ የማንሆል ክዳን እንዳይሰረቅ መጠበቅ፣ የገነፈለውን ሳይውል ሳያድር ማስታወቅ ይገባቸዋል። ቱቦው ግላዊ ንብረት አይደለም፤ ስለዚህ በግለኝነት አይጠበቅም። የላይኛው ሰፈር ነዋሪ ለታችኛው ሰፈር ነዋሪ፣ ሁለቱም ከመሬት በታች ለሚሠራው ወንድማቸው ኃላፊነት አለባቸው።