ቮልስ በሳምንት ስንት ቀን ትወጣለች?

ጎረቤቴ ጋሼ ቮልሳቸውን የሚያስነሱበት ሰዓት ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ይቀድማል። መጀመሪያ የቆርቆሮው በር ይንኳኳል፤ ቀጥሎ የኋላው ኮፈን ሲጢጥ ብሎ ይከፈታል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቺንጊያውን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበው ከኪሳቸው በማይጠፋው ጨርቅ ይጠርጉትና መልሰው ይከቱታል፤ እንደገና አውጥተው ወደ ብርሃን ያቀርቡታል። ይህን ሳይጨርሱ ቁልፍ አይነኩም። ከዚያ ሞተሪኖው ሁለቴ ያቃስትና፣ ቮልስ ነድቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ የሚለየው ያ ደረቅ ትርትርታ ግቢውን ይሞላዋል። መኪናዋ በ1966 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ የወጣች ናት።

አንድ ቀን በር ላይ አገኘኋቸውና፣ «ጋሼ፣ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚነዷት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እንዴት ማለትህ ነው?»

«ያው… አሮጌ ስለሆነች፣ እንዳትደክም ብዬ ነው።»

«እኔስ አሮጌ አይደለሁ? በሳምንት ስንት ቀን ነው ከአልጋ የሚነሡት ብለህ ትጠይቀኛለህ?»

ጥያቄዬ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በአውሮፓ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። እዚያ ክላሲክ የሚባል መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ልብስ ለብሶ ጋራዥ ውስጥ ያሳልፋል። ፀሐይ የወጣ እሑድ ይነዳል፣ ሠርግ ያጅባል፣ ለትርኢት ይወጣል፤ ከዚያ ተወልውሎ ይመለሳል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ፊቫ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ደግሞ ነገሩን በትርጉም አስሮታል። አንድ መኪና ታሪካዊ እንዲባል ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ይዞታው እንደ ጥንቱ የተጠበቀ፣ እና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል መሆን አለበት።

ይህን ሦስተኛውን መስፈርት ለጋሼ ባነብላቸው ምን እንደሚሉ አላውቅም። እንደ ፊቫ ሚዛን ከሆነ የእሳቸው ቮልስ ታሪካዊ ልትባል የምትችለው ሥራ ስታቆም ነው።

ከመስፈርቱ ጀርባ ያለው የአውሮፓ ሕግና የኪስ ጉዳይ ነው። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላውና በደንብ የተያዘ መኪና በታርጋው መጨረሻ «ኤች» የምትል ፊደል ይጨመርለታል፤ የሞተሩ መጠን ምንም ይሁን ምን ግብሩ በዓመት ከ200 ዩሮ በታች በሆነ አንድ ተመን ይቆረጣል። ኢንሹራንሱም ርካሽ ነው፤ ግን ኩባንያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ «ለዕለት የምትነዳት ሌላ መኪና አለህ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ በዓመት የሚነዳውንም ኪሎ ሜትር ይወስናሉ። ከዚያ አልፎ የሚያገለግልበት ወር ከነቁጥሩ የታተመበት ታርጋ አለ፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይላል እንበል፣ ከዚያ ውጭ መንገድ ላይ መታየት የለበትም። ክረምት ላይ ለበረዶው የሚነሰነሰው ጨው ላሜራውን እንደ ብል ስለሚበላው ባለቤቶቹም ቅር አይላቸውም። እንግሊዝ ውስጥ 40 ዓመት ያለፈውና ከመሠረቱ ያልተለወጠ መኪና የመንገድ ግብር አይከፍልም፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ይቅር ተብሏል።

እኛ ዘንድ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት ለቦሎ ምሕረት አያስገኝም። የትናንቱም የ60 ዓመቱም እኩል ይሰለፋሉ።

ቮልስን ላስተዋውቅ። በሊቅነቱ የሚነሣው መሐንዲስ ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ያሠራው ደግሞ የናዚ መንግሥት፣ «የሕዝብ መኪና» ብሎ። ጦርነቱ መጣና ሕዝቡ መኪናውን ሳያየው ቀረ። በ1945 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ አይቫን ኸርስት የተባለ ሻለቃ ከፍርስራሹ መካከል ሥራውን እንደገና አስጀመረው። በየካቲት 1972 እ.ኤ.አ. የምርቱ ቁጥር ከ15 ሚሊዮን አልፎ የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠ። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተራ ቁጥሯ 21,529,464። እኛ አገር በንጉሡ ዘመን የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመሥሪያ ቤት ሹሙ መኪና ሆነች። ታሪክም ቀልደኛ ነውና፣ በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ የኖሩት ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር።

አሠራሯ ለዕለት ሥራ የተመቸ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ፊትና ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ተጋድመዋል። ራዲያተር የላትም። ውኃ የላትምና አትፈላም፣ አታፈስም። የሚያቀዘቅዛት ዲናሞው ላይ የተገጠመ ትልቅ ማራገቢያ ነው፤ ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የሚያዞረው ጋሼ በየጠዋቱ በአውራ ጣታቸው የሚጫኑት ያ አንድ ቺንጊያ። ቺንጊያው ሲበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ዘመናዊ መኪና የለመደ ሰው «ቻርጅ አታደርግም ማለት ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» ብሎ ይቀጥላል። ቮልስ ላይ ያ መብራት «አሁኑኑ ቁም» ማለት ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢጨመር ሞተሩ ይቃጠላል።

ቀሪው ቀላል ነው። ሞተሩ ከማርሹ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ስለሆነ የለመደ መካኒክ ከቁርስ እስከ ምሳ አውርዶ ይመልሰዋል። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ዘይት የሚያጣራው ወንፊት እንጂ የሚለወጥ ፊልትሮ አይደለም። ስለዚህ በ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይት መለወጥ፣ ቫልቮቹንም ማስተካከል ግድ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር በተለይ ዓይን ይፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ ወደ እሱ የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልለው ከሌሎቹ ይሞቃል፣ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። አንድ ነገር ላክል፣ ስለሚያስቀኝ፦ የፊት መስታወቱ ላይ ውኃ የሚረጨው ፓምፕ የለውም። ውኃውን የሚገፋው ከስኮርታ ጎማው በቀጭን ቱቦ የሚመጣ አየር ነው። ስኮርታው ከተነፈሰ መስታወትዎን በእጅዎ ይጠርጋሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ይቀንስበታል። የጋሼ ቮልስ በመጽሐፉ 40 የፈረስ ጉልበት አላት፤ እንጦጦን ስትወጣ 30 ቢቀራት ነው። ትወጣለች ግን። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትቸኩል፣ ከኋላዋ የተሰለፈውን ሚኒባስ ክላክስ ሳትሰማ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ፣ ምክንያቱም በራሴ ደርሶብኛል። አባቴ ካረፉ በኋላ ቮልሳቸው ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ቆመች። ክብር የሰጠኋት መስሎኝ ሸራ አልብሼ ድንጋይ አስቀመጥኩበት። ሸራው እርጥበቱን ይዞ ኖሮ ስገልጠው የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ባትሪው ሞቷል። ጎማዎቹ መሬት የነኩበት ጎን ተጠፍጥፎ ቀርቷል። ቤንዚኑ ወደ ቫርኒሽነት ተለውጦ የካርቡራቶሩን ቀዳዳዎች ደፍኗል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት መጠጣት ተፈጥሮው ነው፤ ውኃው ፒስተኖቹን አዝጎ የግራ የኋላ ጎማ አልዞር አለ። ከኋላ ወንበር ሥር አይጥ ወልዳ ነበር፤ ለጎጆዋ የመረጠችው የወንበሩን ጭድና የሽቦዎቹን ልብስ ነው።

መካኒኩ ዙሪያዋን ዞሮ ካየ በኋላ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ ብትነዳት ኖሮ ይህን ሁሉ አትከፍልም ነበር።»

በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ባትሪው ሳይሞት፣ በየወሩ አንድ ቀን ሄጄ አሥር ደቂቃ ባለችበት አስነሣት ነበር። ያም ጥፋት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ቤንዚን ሲነድ ውኃ ይወልዳል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ያ ውኃ ተንኖ አይወጣም፤ ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ይቀመጥና ከጭሱ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል። ማርሹ አልዞረም፣ ፍሬኑ አልያዘም፣ ኩሽኔታዎቹ ግራስ አላገኙም። ዘይት በደንብ የሚግለው መኪና ጭነት ይዞ ሲሄድ ነውና ግማሽ ሰዓት ያህል በእውነተኛ መንገድ ላይ መነዳት አለባት። በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ይህን ያህል የምትሄድ መኪና በደህና ትኖራለች። በየሳምንቱ ከሆነ ይሻላል። የእኔዋ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ ደርሳ ትመለሳለች።

በየቀኑስ? እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የዚያ ዘመን ቮልስ ፍሬን በአንድ መስመር የሚሄድ ነው፤ አንዱ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ባዶ ይቀራል። ድንገት የሚቆም ሚኒባስ በሞላበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። ቀበቶ የላትም፤ የመሪው ዘንግ ወደ ደረት የተቀሰረ ጦር ነው። ሞተሩ ላይ የሚያልፈው የቤንዚን ጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ቮልስ በእሳት ያለቀው በዚህ ነው። የባትሪው ቦታም ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ወፈር ያለ ዘመድ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ ጭስ ያስነሣል። ክዳኑ ይኑር፤ ከሌለ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ ጣል ያድርጉበት። ጋሼ እነዚህን ሁሉ ያውቃሉ። ቱቦውን በየዓመቱ ይለውጣሉ፣ የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ። መኪናዋን በየቀኑ ማውጣት የቻሉት በየቀኑ ስለሚያዩዋት ነው፤ አዲስ ድምፅ ብታሰማ በማግሥቱ ኮፈኑ ሥር ናቸው። በወር አንዴ የሚነዳት ሰው ግን ያ ድምፅ ባለፈው ጊዜ ነበረ አልነበረ አያስታውስም።

በዚህ አገር ደግሞ አሮጌ መኪና በየቀኑ የሚነዳው ከፍቅር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለው ይጠገናል። ሐረር ላይ ፔጆ 404 ለዘመናት ታክሲ ሆና ስትሠራ የኖረችው፣ አዲስ አበባ ላይ ላዳ እስከ ቅርብ ጊዜ ሰው ያመላለሰችው ያለው ስለሚጠገን ነው። አሮጌ መኪና ሙዚየም ውስጥ ብትገባ የሚያደንቃት ይበዛ ይሆናል፤ ጎማ ግን አትጨርስም።

የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው፣ ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ሆናችሁ የአባታችሁን ቮልስ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሳችሁ ለተዋችሁ። በሁለት ዓመት አንዴ ስትመጡ አጠገቧ ፎቶ ትነሣላችሁ። ከሚቀጥለው መምጣታችሁ በፊት ሸራውን አስገልጡ፤ የቤንዚን ቱቦውን፣ ዘይቱንና የፍሬን ዘይቱን አስለውጡ፤ አሮጌውን ቤንዚን አስደፉ። ከዚያ ቁልፏን ሥራ ላለው ሰው ስጡ። የአጎት ልጅ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ደርሶ የሚመለስ ይሁን።