የቤት ባትሪ የእንጀራ ምጣድ ይችላልን?

መብራት በድንገት በጠፋ ጊዜ ቤታቸው እንዳይጨልም፥ ባትሪና ኢንቬርተር ገዝተው የሚያስገቡ ባለቤቶች አሉ። ሻጩም አምስት አምፖል አብርቶ ካሳየ በኋላ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ነገር ግን አምፖል ማብራት ለባትሪ ፈተና አይደለም። ዛሬ የሚሠራበት አምፖል አንዱ 10 ዋት ያህል ብቻ ይፈልጋልና፥ አምስቱ በአንድነት ቢበሩ 50 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3500 ዋት ያህል ይስባል፤ ይኸውም 350 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ስለዚህ የባትሪው ምስክር ምጣዱ ነው።

ባትሪ ሁሉ ከባድ ሸክም እኩል አይችልም። ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ዳግመኛ የሚሞላውን የእርሳስ ባትሪ አወጣ። በ1897 ዓ.ም. ፔውከርት የሚባል የጀርመን ሊቅ፥ ከእንዲህ ያለው ባትሪ ኃይሉ በችኮላ በተሳበ መጠን የሚገኘው ኃይል እንደሚያንስ አስረዳ። ምጣድ ደግሞ የሚስበው በችኮላ ነው። ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ጆን ጉዲናፍና የሥራ ባልንጀሮቹ ስለ ሊቲየም ብረት ፎስፌት አስታወቁ፤ በዚህ የሚሠራው ባትሪ ሸክም ሲበዛበት እንደ እርሳሱ አይደክምምና፥ ለምጣድ የሚያስብ ሰው ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንይ። 51.2 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ይይዛል። አንድ አምስተኛው ለመጠባበቂያ ቢቀር 4 ያህል ይተርፋል። ኢንቬርተሩም በመንገድ ላይ ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ያጠፋል። ስለዚህ ምጣዱ ሳይጠፋ ቢሠራ፥ ባትሪው የሚያገለግለው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ ሩብ ሰዓቱ ምጣዱ እስኪግል ያልፋል፤ በቀረው ጊዜ፥ አንዱ እንጀራ በሦስት ደቂቃ ቢወጣ፥ 15 እንጀራ ይጋገራል። ለዘወትር ይበቃ ይሆናል፤ ለበዓል ዋዜማ ግን እንግዳን ማሳፈር ነው።

ፈተናው የሚደረገው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ባለበት ነው። ሊጥም ኃይልም በከንቱ እንዳይጠፋ በመጋገሪያ ቀን ቢሆን መልካም ነው። አስቀድሞ በኢንቬርተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነበብ፤ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚችለው ኃይል በትልቁ፥ ዘወትር የሚችለው ግን በትንሹ ተጽፎ ሊገኝ ይችላልና። ከዚያ ባትሪው ሞልቶ፥ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ፥ ምጣዱ ብቻውን ይለኰስ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ባለሙያው ሽቦዎቹን ይመርምር። ምጣዱ በ220 ቮልት የሚስበው 16 አምፔር ያህል ሲሆን፥ ያው ኃይል ከባትሪው በሚወጣበት ሽቦ ላይ 75 አምፔር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ይህ ሽቦ ወፍራምና አጭር፥ ብሎኑም የጠበቀ፥ በመካከልም ፊውዝ ያለው መሆን ይገባዋል። የላላ ማያያዣ ይግላል፤ እሳትም ከዚያ ሊነሣ ይችላል። በአምፖል የተፈተነ ቤት ይህን ጉዳት ሳያውቅ ብዙ ወራት ሊቀመጥ ይችላል።

ቀጥሎ ምጣዱ እንደ ጋለ የውሃው ፓምፕ ይነሣ። ሞተር ሲነሣ፥ ከተነሣ በኋላ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባልና፥ ኢንቬርተሩ ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ የዕቃው ጉድለት አይደለም፤ ራሱን ማዳኑ ነው። ጋጋሪዋ ግን ሁለቱ አብረው እንደማይሠሩ ካልተነገራት፥ ሊጡ በምጣድ ላይ ፈስሶ ይቀራል።

በቤቱ ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ ካለ ነገሩ ከእንጀራ ያልፋል። ያልተከፈተው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ መቀመጥ አለበት። ፍሪጁን ሌሊቱን ሁሉ አሳድሮ የሚተርፈውን ኃይል ምጣዱ በአንድ ሰዓት ይበላዋል። እንደ እኛ አሳብ፥ እንዲህ ባለ ቤት ባትሪው በግማሽ ሲደርስ ምጣዱ ይጥፋ፤ ምሽትም መብራት ከሌለ ከቶ አይለኰስ። የፈተናው ውጤት፥ ማለት ምጣዱ ስንት ደቂቃ እንደ ሠራና ከምን ጋር አብሮ እንደማይሠራ፥ በወረቀት ተጽፎ በማድ ቤቱ ደጃፍ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማታውቀውም ጋጋሪ ይነበብላት።