የአሸንዳ ስፋትና የወለጋ ዝናም

ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ምሰሶው፣ ስለ ማገሩና ስለ ቆርቆሮው ዋጋ ብዙ ቀን ይመክራል፤ ስለ በሩ ቀለም እንኳ ከባለቤቱ ጋር ሲከራከር ያመሻል። አሸንዳውን የሚያስበው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ሠራተኛው «ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?» ብሎ ቢጠይቀው «እንደ ጎረቤቴ አድርግልኝ» ይለዋል። የጎረቤቱ ጣራ ስፋት ግን ከርሱ ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ይህ በደረቅ አገር ቢሆን ባልከፋ ነበር። በምዕራብ ወለጋ፣ በቦጂ አገር እንዳለችው እንደ ቢላ ባለ ከተማ ግን ዝናሙ ከክረምት በፊት ይጀምራል፤ ከመስቀልም በኋላ ይዘገያል። የአዲስ አበባ ዝናም በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የነቀምቴው ወደ 2,000 ይጠጋል። ሣር ክዳን ውሃውን ቀስ እያደረገ ያንጠባጥበው ነበር፤ ቆርቆሮ ግን የተቀበለውን ወዲያው ይጥላል። የወደቀውም ውሃ ቀዩን አፈር ቆፍሮ የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ ይልጠዋል፤ ቋሚውንም እንጨት ያረጥበዋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ቤቱ ሲያዘነብል ጥፋቱ ሁሉ በምስጥ ይሳበባል። ምስጡስ አለበት፤ እርጥቡን መንገድ የከፈተለት ግን የጣራው ውሃ ነው።

ታዲያ ስፋቱ በምን ይለካ? ብዙ ሰው የዓመቱን ዝናም ያስባል። አሸንዳን የሚፈትነው ግን ዓመቱ ሳይሆን ኀይለኛ ዝናም የሚወርድባት ያች ሩብ ሰዓት ናት። ሒሳቡ ተማሪ የሚችለው ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናም 1 ሊትር ይሆናል። ቤታችን 8 በ10 ሜትር፣ ክዳኑም ወደ ሁለት ወገን ያጋደለ ነው እንበል፤ ለእያንዳንዱ አሸንዳ 40 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ዝናሙ በሰዓት 100 ሚሊሜትር በሚሆን ኀይል ቢወርድ በሰዓት 4,000 ሊትር ይመጣል። ይህም 20 ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን በ18 ሰከንድ የሚሞላ ነው። የሰፈራችሁን ዝናም ኀይል ለማወቅ የምትሹ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ደጅ አኑራችሁ በ10 ደቂቃ የተጠራቀመውን በማስመሪያ ለኩና በ6 አባዙት። በአንድ ቀን አትርኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ሞክሩት።

አሁን ወደ ላሜራው እንሂድ። 1 ሜትር ስፋት ያለው ልሙጥ ላሜራ ከአራት ቢቆረጥ 25 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ለጠርዙ እጥፋት 3 ቢቀነስ፣ ወለሉ 9፣ ጎንና ጎኑ 6 ተኩል የሆነ አሸንዳ ይወጣዋል፤ የሆዱም ስፋት 58 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከሦስት ቢቆረጥ ግን 33 ይሆናል፤ ወለሉ 12፣ ጎንና ጎኑ 9፣ ሆዱም 108። በላሜራው ላይ የተጨመረው 8 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን ሆዱ ወደ እጥፍ ተጠግቷል! ጠባቡ ያንን ውሃ ቢችል እንኳ እስከ ከንፈሩ ሞልቶ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል የገባበት ቀን ይፈሳል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቤት 33ቱን እንመርጣለን። ሁለት ክዳን ተገናኝቶ ውሃውን ወደ አንድ ማዕዘን በሚያወርድበት ቤት ደግሞ ከሁለት የተቆረጠው፣ የ50ው፣ አይበዛበትም።

ሰፊ አሸንዳ ጠባብ ቱቦ ከተሰጠው ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ለ10 ካሬ ሜትር ጣራ 7 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል የቱቦ አፍ ይታሰባል፤ ለኛ 40 ካሬ ሜትር 28 ያስፈልጋል። ባለ 50 ሚሊሜትሩ ቱቦ 20 እንኳ አይሞላም፤ ባለ 75ቱ ግን 44 አለው። ተዳፋቱም በየ3 ሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። የፊተኛው ከንፈር ከኋለኛው ዝቅ ይበል፤ ሞልቶ የፈሰሰ ቀን ውሃው ወደ ደጅ እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስም። ዐለት ፈልፍለው ላሊበላን የሠሩት አባቶቻችን እንኳ ለጣራው ተዳፋትና ቦይ ማበጀት አልዘነጉም፤ እኛ በጭቃ የምንሠራው እንዴት እንዘነጋለን?

ደግሞም ውሃው ራሱ ሀብት ነው። በዚሁ ቤት ላይ 5 ሚሊሜትር ብቻ ቢዘንብ 400 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ሴት ልጆች ከምንጭ በጀርባቸው የሚያመጡት 20 ጀሪካን ነው። የመጀመሪያው ዝናም ጣራውን አጥቦ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ በርሜል ይግባ፤ በርሜሉም ይከደን። በርሜሉ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ ግን ከግድግዳው ራቅ ባለ ቦይ፣ ወደ ጎረቤት አጥር ሳይሆን ወደ መንገዱ ቦይ ይመራ።